ያልተነካው ንድፍ፦ የ1963ቷ ቢዩክ ሪቪዬራ የጉዳይ ጥናት

በኦክቶበር 1962 አሜሪካ ውስጥ በሚገኙ የቢዩክ መሸጫዎች አንዲት ባለ ሁለት በር መኪና ለሕዝብ ቀረበች። የኋላ ክንፍ የላትም። ጎኗ ላይ የሚያብረቀርቀው ብረት ከቀጭን መስመር አያልፍም። ጣሪያዋ በካውያ ተተኩሶ የታጠፈ ልብስ ይመስል ጠርዙ ስል ነው፤ ከመስኮቱ በታች ያለው ገላዋ ግን ከኋላ ጎማ በላይ ሞላ ብሎ ይነሳና መልሶ ይሰበሰባል። ዋጋዋ 4,333 ዶላር፣ ስሟ ሪቪዬራ ነበር።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ያው ቢዩክ ያወጣው የ1958 ሞዴል ፊቱን የሸፈኑት 160 የክሮም ካሬዎች ነበሩ። ጎኑም፣ ጅራቱም፣ መከላከያውም በሚያንጸባርቅ ብረት የተጫነ ከባድ መኪና ነበር። ሁለቱ ከአንድ ቤት መውጣታቸው ለዓመታት ሲያስገርመኝ ኖሯል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ብዙዎች መልሱን በንድፍ ባለሙያዎቹ ተሰጥኦ ይዘጉታል። ተሰጥኦው አያጠያይቅም። እኔ ግን ጉዳዩን በመረመርሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ንድፉን ተረክበው እጃቸውን በሰበሰቡት ሰዎች ላይ ነው። ጥሩ ንድፍ የሚስሉ ሰዎች የአሜሪካ መኪና ኩባንያዎች ማዕከል በሆነችው በዲትሮይት ሞልተው ነበር፤ ጥሩ ንድፍ ሳይነካካ ከፋብሪካ የሚወጣበት አጋጣሚ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በአሜሪካ ልማድ የመኪና ሞዴል ዓመት ካለፈው ዓመት መገባደጃ ስለሚጀምር፣ የ1963 ሞዴል የሚባለው በ1962 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ነው።

ተንደርበርድ የከፈተው ገበያ

የግል የቅንጦት መኪና የሚባለውን ዓይነት በሰፊው ያስለመደው ፎርድ ነው። የ1955ቷ ተንደርበርድ ሁለት መቀመጫ ብቻ ነበራት፤ በሦስት የሞዴል ዓመታት ውስጥ የተሠሩት 53 ሺህ ገደማ ናቸው። በኋላ በኬኔዲ ዘመን የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ማክናማራ ያን ጊዜ በፎርድ ከፍተኛ ኃላፊ ነበሩ፤ በዚህ ቁጥር አልረኩም። የ1958ቷ ተንደርበርድ አራት መቀመጫ ይዛ መጣች። የስፖርት መኪና ወዳዶች አዘኑ፣ ገዢው ግን ጎረፈ፤ በ1960 ሞዴል ዓመት ብቻ ከ92 ሺህ በላይ ተሠሩ።

ይህች መኪና ለማን ነበረች? ልጆች ለሚጭን አባወራ አይደለችም፤ በሩ ሁለት ብቻ ነው። ለእሽቅድምድምም አይደለችም፤ ትከብዳለች። ኋላ ተቀምጦ በሾፌር ለሚነዳ ባለጸጋም አትሆንም። ኑሮው የተደላደለ ሰው ለራሱ ብሎ የሚገዛት፣ ራሱ የሚነዳት፣ ረጅም ኮፈን፣ አጭር ጭራና ምቹ ጋቢና ያላት መኪና ናት። የቅንጦቱ መለኪያ ስፋት መሆኑ ቀርቶ ቁመናና ስሜት ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ በዓለም ትልቁ የመኪና ኩባንያ ሆኖ ሳለ ለዚህ ገበያ የሚያቀርበው አንድ መኪና አልነበረውም።

በዚያው ጊዜ ከኩባንያው ክፍሎች አንዱ የሆነው ቢዩክ እየሰመጠ ነበር። በ1955 ከ738 ሺህ በላይ መኪና ሠርቶ ከሼቭሮሌና ከፎርድ ቀጥሎ በሦስተኛነት ተቀምጦ ነበር። ምርቱ በፍጥነት ሲያድግ የሥራው ጥራት አብሮ አላደገም፤ የ1958 የኢኮኖሚ መቀዛቀዝም ደረሰበት። በ1960 ምርቱ ወደ 254 ሺህ ወረደ፣ ደረጃውም ዘጠነኛ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከምርቱ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ አጣ ማለት ነው። በ1959 የቢዩክ ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተሾሙት ኤድ ሮለርት የተረከቡት ይህን ነበር። ፍሊንት፣ ሚሺጋን ከተማ ውስጥ ያለው ፋብሪካቸው ሰፊ፣ ሠራተኞቻቸውም ልምድ ያላቸው ነበሩ። ሰው እንደገና ዞር ብሎ እንዲያያቸው የሚያደርግ መኪና ግን አልነበራቸውም።

ከለንደን ጭጋግ የወጣ ሐሳብ

ቢል ሚቼል የጄኔራል ሞተርስን የንድፍ ክፍል በ1958 መጨረሻ ከሃርሊ ኧርል ተረከቡ። ኧርል የአሜሪካን መኪና ለሦስት ዐሥርት ዓመታት የቀረጹ፣ የክንፍና የክሮም ዘመን አባት የሚባሉ ሰው ናቸው። ሚቼል ያደጉት በእርሳቸው ጥላ ሥር ነው፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ነበር። ገና በወጣትነታቸው፣ የኩባንያው የቅንጦት መኪና ክፍል የሆነው የካዲላክ ንድፍ ኃላፊ ሆነው የሠሯት የ1938ቷ ካዲላክ ሲክስቲ ስፔሻል በደረቅና ንጹሕ መስመሯ የታወቀች ናት። ሲሾሙ ክሮሙን መግፈፍ ጀመሩ።

ሪቪዬራን በተመለከተ ሚቼል ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩት የነበረ ታሪክ አለ። ለንደን ሄደው ሳለ በጭጋጋማ ምሽት ከሆቴል ደጃፍ አንዲት ሮልስ ሮይስ ያያሉ፤ በልዩ ትእዛዝ የተሠራች፣ የጣሪያዋ ጠርዝ እንደ ቢላ ስል የሆነች። ይህንን ጠርዝ ዝቅ ባለና በሚበር ገላ ላይ ባስቀምጠውስ አሉ። የፌራሪን እና የሮልስ ሮይስን ባሕርይ በአንድ ገላ ማዋሐድ ነበር ምኞታቸው። በወረቀት ላይ ያሰፈረው ኔድ ኒክልስ ነው፤ ከ1949 ጀምሮ የቢዩክ ምልክት ሆነው የቆዩትን የኮፈን ጎን ቀዳዳዎች ያመጣው ባለሙያ።

ሥራው የተጀመረው ለቢዩክ ታስቦ አልነበረም። ሚቼል ያለሙት ላሳል የተባለውን ስም ማስነሳት ነበር። ላሳል ከ1927 እስከ 1940 ካዲላክ በታናሽ ወንድምነት ያሳደገው የመኪና ስም ነው፤ በፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ጠባብ ፍርግርግ መለያው ነበር። ኤክስ ፒ 715 በሚል የምስጢር ቁጥር የተያዘው አዲሱ ንድፍም ያንን ፍርግርግ ለሁለት ከፍሎ በግራና በቀኝ የፊት ጭቃ መከላከያ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። የሪቪዬራን ፎቶ ከፊት ለፊት ሲያዩ እነዚህን ሁለት ቋሚ ፍርግርጎች ልብ ይበሉ። የአያት መልክ በልጅ ልጅ ፊት ላይ እንደሚወጣ፣ የ1930ዎቹ ላሳል እዚያ አለ።

ሦስት አመልካቾች

ካዲላክ ንድፉን አልፈለገውም። ፋብሪካው መሥራት የሚችለውን ሁሉ እየሸጠ ነበር፤ አዲስ መኪና ማለት አዲስ ጣጣ ማለት ነው። የካዲላክን ኃላፊዎች በዚህ መውቀስ አይቻልም።

ስለዚህ ንድፉ ለሌሎቹ ክፍሎች፣ ለፖንቲያክ፣ ለኦልድስሞቢል እና ለቢዩክ ቀረበ። ማን ይውሰደው የሚለው በውድድር እንዲወሰን ሆነ፤ እያንዳንዱ መኪናዋን ምን እንደሚያደርጋትና እንዴት እንደሚሸጣት ለኩባንያው አመራር ማስረዳት ነበረበት። የጉዳዩ እምብርት ለእኔ ይህ ነው። ፖንቲያክ እና ኦልድስሞቢል ንድፉን ወደዱት፣ ግን ሊቀይሩት ፈለጉ። ሁለቱም የየራሳቸው ምልክት፣ የየራሳቸው የፊት ገጽታ ነበራቸው፤ በራሳቸው መልክ እንድትመስል መፈለጋቸው ተፈጥሯዊ ነው። ቢዩክ ግን ማካን ኤሪክሰን የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት ይዞ፣ በደንብ ተዘጋጅቶ ቀረበ። የሰጠውም ቃል ቀላል ነበር፦ እንዳለች እንሠራታለን።

የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት የዚያን ዘመን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። የንድፍ ባለሙያ ሸክላ ላይ የቀረጸው ገላ ወደ ምርት ሲሄድ በየበሩ ይቀነሳል። መሐንዲሱ የሞተሩ ቁመት አልበቃም ብሎ ኮፈኑን ከፍ ያደርጋል። ሒሳብ ሠራተኛው በሩን ከሌላ ሞዴል እንዋስ ይላል። ሽያጭ ክፍሉ ጎኑ ባዶ ሆነ፣ ትንሽ ክሮም ጨምሩበት ይላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የመጀመሪያዋን መኪና ይበሏታል። በጥሩ ቁመና ላይ ያለ ክፍል የራሱ ልማድ ስለሚሠራለት ልማዱን አይጥልም። ቢዩክ ልማዱ ራሱ እያሰመጠው ነበርና መጣሉ አልከበደውም። ድክመቱ ትሑት አደረገው ብዬ አምናለሁ፤ ያ ትሕትና ባይኖር ኖሮ ሌላ መኪና ነበር የምናየው።

በዚያው ዘመን ፎርድ ቤት ውስጥም የሚመሳሰል ነገር ሆኗል። የፎርድ የንድፍ ባለሙያ ኤልውድ ኤንገል ለተንደርበርድ ብሎ ያቀረበውን ንድፍ ማክናማራ የፎርድ የቅንጦት መኪና ስም ለሆነው ለሊንከን እንዲሆን ፈለጉት፤ የ1961ዱ ሊንከን ኮንቲኔንታል ከዚያ ተወለደ። እሱም ክሮም የጎደለው፣ ጎኑ የተላሰ መኪና ነው፤ እሱም ከታሰበለት ስም ወጥቶ በሌላ ስም አደገ።

ላሜራው

ሪቪዬራ የገላዋን ላሜራ ከሌላ የቢዩክ መኪና አልተዋሰችም። በዓመት ከ40 ሺህ ለማይበልጥ መኪና የራሷ የላሜራ ማተሚያ ቅርጾች ተሠሩላት፤ ይህ ትልቅ ወጪ ነው። ከሥር ግን ከነባሩ የቢዩክ ሻንሲ (ገላውን ከሚሸከመው የብረት አጽም) የወጣ፣ አጠርና ጠበብ የተደረገ ሻንሲ ነው ያላት። ቅርጹ እንደ ኤክስ ፊደል ከመካከል የተቆለፈ ነው። በግራና በቀኝ ጎን የሚሄድ ወፍራም ብረት ስለሌለው፣ የተሳፋሪው እግር የሚያርፍበት ወለል ዝቅ ማለት ይችላል። ወለሉ ዝቅ ካለ መቀመጫውም ዝቅ ይላል፤ መቀመጫው ዝቅ ካለ ጣሪያውም ይወርዳል። መኪናዋ መሬት የነካች የምትመስልበት ምስጢር አንዱ እዚህ አለ። የሚከፈል ዋጋም አለው፤ ይህ ዓይነቱ ሻንሲ ከጎን ለሚመጣ ግጭት ጥበቃው ደካማ ነው ተብሎ በዘመኑም ተተችቷል፤ ትችቱ ትክክል ነው።

ርዝመቷ 5.28 ሜትር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.97 ሜትር ነው። ለዛሬ ዓይን ግዙፍ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን ከመደበኛው የቢዩክ ሌሴበር በጎማ ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ታጥር ነበር። ክብደቷ 1,800 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከተፎካካሪዋ ከተንደርበርድ በ90 ኪሎ ያህል ትቀላለች።

የበሮቿ መስታወቶች ዙሪያቸውን የሚይዝ የብረት ክፈፍ የላቸውም፤ ሲወርዱ ከጣሪያው በታች ያለው ጎን ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሆናል። ውስጧ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሶፋ የለም። ፊት ሁለት፣ ኋላም ሁለት፣ ለየብቻ የተቀረጹ መቀመጫዎች ናቸው፤ በፊተኞቹ መካከል የማርሽ ዘንጉን የያዘ ረጅም ኮንሶል አለ። አምስተኛ ሰው ቦታ የለውም። ይህ ድፍረት ነው፤ ትልቅ የአሜሪካ መኪና ስድስት ሰው መጫን አለበት ተብሎ በሚታመንበት ዘመን።

አንድ ትንሽ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ትነካኛለች። በሮቹ ረጃጅም ስለሆኑ ኋላ የተቀመጠ ሰው የበሩን መክፈቻ አይደርስበትም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ከኋላ በኩል ሁለተኛ መክፈቻ ተሠራለት። ቁመናዋን ለማዳን በሩ ረዘመ፤ ከኋላ ላለው እንግዳ ክብር ደግሞ ሁለተኛ እጀታ ተጨመረ። ቁመናን አክብሮ ሰውንም ያልረሳ ሥራ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የሚስማር ራስ

ገላው አዲስ ነበር፤ ሞተሩ ግን አሮጌ። ቢዩክ ይህን ስምንት ሲሊንደር ሞተር በ1953 ያወጣው በ322 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም በ5.3 ሊትር ይዘት ነው። እስከ ሪቪዬራ ድረስ እያደገ 401 ኪዩቢክ ኢንች ደረሰ፤ 6.6 ሊትር። ጉልበቱ 325 የፈረስ ጉልበት ነው። የበለጠ ለሚፈልግ ደግሞ 425 ኪዩቢክ ኢንች፣ 7 ሊትር የሆነ፣ 340 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በዚያው ዓመት የተንደርበርድ መደበኛ ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

መካኒኮች ይህን ሞተር ኔይልሄድ ይሉታል፤ የሚስማር ራስ እንደ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከቫልቮቹ ነው። አየርና ነዳጅ የሚያስገባው ቫልቭ ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ጭሱን የሚያስወጣው ደግሞ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ7 ሊትር ሞተር ይህ ትንሽ ነው፣ ረጅም ዘንግ ላይ ሲታይ የሚስማር ራስ ይመስላል። አቀማመጡም ለየት ይላል። በሌሎች የቪ ቅርጽ ሞተሮች ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጋር ወደ ጎን ያዘነብላሉ፤ እዚህ ግን ቀጥ ብለው ወደ ላይ የቆሙ ናቸው። የቃጠሎው ክፍል እንደ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ በሁለት ወገን ተዳፋት ነው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ከላይ ጠበብ ይላል፤ ክዳኖቹም ወደ ጎን ሳይጋደሙ ጠፍጣፋ ሆነው ይተኛሉ።

ትንሽ ቫልቭ ጉድለት ነው ወይስ በጎነት? ሁለቱም ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ጠባብ በር ያንን አያሳልፍለትም፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቢዩክ ቫልቮቹን ከፍ አድርጎና ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት በመጠቀም ይህን በከፊል ይጠግነዋል፤ በከፊል ብቻ። በዝግታ ሲሽከረከር ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየር በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ከነዳጁ ጋር ጥሩ አድርጎ ይቀላቀላል፣ ሲሊንደሩንም ይሞላል። ውጤቱ ገና ከመነሻው የሚገኝ ኃይለኛ ቶርክ ነው።

የፈረስ ጉልበት አንድ ሥራ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሠራ ይነግረናል፤ ቶርክ ደግሞ ዘንጉ ምን ያህል በኃይል እንደሚጠመዘዝ ነው። የዛገ የጎማ ብሎን ለመፍታት ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ ፍጥነት አይጠቅመንም፣ የምንፈልገው የመጠምዘዝ ጉልበት ነው። የ401 ሞተር ቶርክ 445 ፉት ፓውንድ ነው፤ 600 ኒውተን ሜትር ገደማ። ይህ ሙሉ ኃይል የሚገኘው በደቂቃ 2,800 ዙር ላይ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይጮህ ማለት ነው።

ቢዩክ በዚህ የሚኮራ መሆኑን የኮፈኑን ውስጥ ያየ ሰው ይረዳል። በአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዋይልድካት 445 ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን የሞተሩ ይዘት ይመስለዋል፤ ግን የቶርኩ ልክ ነው። የ425ቱ ደግሞ ዋይልድካት 465 ይላል። ሌሎቹ ኩባንያዎች በየማስታወቂያው የፈረስ ጉልበት ሲቆጥሩ፣ ቢዩክ ክዳኑ ላይ የመጠምዘዝ ጉልበቱን ጻፈ። የግል የቅንጦት መኪና የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። ባለቤቷ ከቆመበት ተነስቶ ያለ ጩኸት፣ ያለ መንገጫገጭ መንሸራተት ይፈልጋል፤ በ6 ሺህ ዙር የሚያፏጭ ሞተር አይፈልግም። እንዲህም ሆኖ ሪቪዬራ ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ላይ የምትደርሰው በ8 ሰከንድ አካባቢ ነበር፤ ለክብደቷም ለዘመኑም ጥሩ ነው። የነዳጅ ወጪው ግን ከባድ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ይህ ሞተር ሌላ ቦታ የሠራው ሥራም አለ። ኤስ አር 71 ብላክበርድ የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን የጄት ሞተሮቹን በራሱ ማስነሳት አይችልም ነበር፤ መሬት ላይ ሆኖ የሚያሽከረክራቸው ኃይል ያስፈልጋል። ለዚህ ከተሠሩት የማስነሻ ጋሪዎች የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት የቢዩክ 401 ሞተሮች ነበሯቸው። የሁለቱ ጉልበት በአንድ ወደ ላይ በሚቆም ዘንግ ተገናኝቶ የጄቱን ሞተር ያዞር ነበር። ከድምፅ ፍጥነት ከሦስት እጥፍ በላይ የሚበረው አውሮፕላን ጉዞውን የሚጀምረው የሚስማር ራስ በሚባለው የመኪና ሞተር ነበር። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ከባድ ነገርን ከቆመበት ማዞር ነውና ምርጫው አይገርምም።

የመጀመሪያው ዓመት ድካም

የ1963ቷ ሪቪዬራ ደካማ ጎኗ ካምቢዮው ነው። ዳይናፍሎው ይባላል፤ ቢዩክ በ1948 ያወጣው አውቶማቲክ ካምቢዮ ቤተሰብ ነው። በመደበኛ ጉዞ ማርሽ አይቀይርም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው በዘይት ውስጥ በሚሽከረከሩ ተርባይኖች ነው፤ ማርሽ ስለማይቀየር የሚሰማ መንገጫገጭ የለም፣ እንደ ጀልባ ይንሸራተታል። ግን ዘይቱ ውስጥ ጉልበት ይባክናል። እዚህ ላይ የሞተሩ ባሕርይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፦ ዳይናፍሎው ማርሽ ቀይሮ ሞተሩን አይረዳውም፣ ስለዚህ ሞተሩ ከመነሻው ራሱን ችሎ የሚጎትት መሆን ነበረበት። የቢዩክ መሐንዲሶች ሁለቱን ለዓመታት አንዱን ለሌላው አድርገው ሞርደዋቸዋል። ሆኖም በ1963 ካምቢዮው ዘመኑ አልፎበት ነበር። በ1964 ሦስት ማርሽ ባለው ሱፐር ተርባይን 400 ተተካ፤ ያን ጊዜ 425ቱ ሞተር መደበኛ ሆነ፣ ሁለት ካርቡሬተር የሚይዘውና 360 የፈረስ ጉልበት ያለውም በአማራጭ ቀረበ። መንዳት ለሚፈልግ ሰው የ1964ቷን እመርጥለታለሁ፤ ለማየት ከሆነ ግን የ1963ቷ ትበልጥብኛለች።

ፍሬኑንም ሳላነሳ አላልፍም። የፊት ጎማዎቹ ታምቡሮች ከአልሙኒየም የተሠሩና ዙሪያቸውን ክንፍ የመሰሉ ቀጫጭን ማቀዝቀዣዎች ያሏቸው ናቸው፤ ውስጣቸው የፍሬን ሸራው የሚያርፍበት የብረት ቀለበት አለ። አልሙኒየም ሙቀትን ቶሎ ስለሚለቅ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ የመድከም አደጋው ይቀንሳል። የዲስክ ፍሬን ባልተስፋፋበት ጊዜ ከአሜሪካ መኪኖች የተሻለው ታምቡር ፍሬን ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ገበያው

ቢዩክ የመጀመሪያውን ዓመት ምርት አስቀድሞ በ40,000 ወሰነው፤ 40,000 ሠራ። በ1964 37,658፣ በ1965 34,586 ተሠሩ። ተንደርበርድ በ1963 ብቻ 63,313 ነበረች፤ ስለዚህ በቁጥር ሪቪዬራ አላሸነፈችም። ቢዩክን ብቻዋን አዳነችው የሚለውም አባባል አይመዝንም፤ በ1963 ክፍሉ ከሠራቸው ከ450 ሺህ በላይ መኪኖች የእርሷ ድርሻ ከዐሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ያደረገችው ሌላ ነው። ሰው የቢዩክን መሸጫ በር ከፍቶ እንዲገባ አደረገች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥራቱ የሚታማው ስም በዓለም ከፍተኛ የንድፍ ባለሙያዎች አንደበት በአድናቆት ተነሳ፤ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ፒኒንፋሪና የአሜሪካ ንድፍ ወደ ቀላልነት ለመመለሱ ምስክር አድርገው አንስተዋታል።

የ1965ቱ ፊት

እንዳለች እንሠራታለን የተባለው ቃል አንድ ቦታ ላይ ወዲያው አልተፈጸመም። በመጀመሪያው ንድፍ የፊት መብራቶቹ አይታዩም ነበር። ከላሳል በተወረሱት ሁለት ቋሚ ፍርግርጎች ኋላ ተደብቀው፣ ሲፈለጉ ብቻ ፍርግርጉ ተከፍቶ እንዲወጡ ነበር የታሰበው። አሠራሩ በጊዜው አልደረሰም፣ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ የ1963ቷ እና የ1964ቷ ሪቪዬራ አራት ክብ መብራቶች በመካከለኛው ፍርግርግ ውስጥ ተተክለው ወጡ፤ ከቋሚዎቹ ፍርግርጎች ኋላ ግን የታሰቡት የፊት መብራቶች ሳይገቡ ቀሩ። አያምርም አልልም። ግን ፍርግርጎቹ ለምን እዚያ እንዳሉ ሳያውቅ የሚያያቸው ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ ስሜቱም ትክክል ነው።

ብዙ ኩባንያ ቢሆን በዚያው ይረሳው ነበር። መኪናዋ ተሸጣለች፣ ተመስግናለች፣ ማንም አልጠየቀም። ቢዩክ ግን በ1965 ተመለሰበት። መብራቶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው በጭቃ መከላከያው ጫፍ ገቡ፤ ፍርግርጉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ላይኛው ወደ ላይ፣ ታችኛው ወደ ታች በኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ዛጎል እንዲከፈት ተደረገ። የኋላ መብራቶቹ ወደ መከላከያው ወርደው ጭራዋ ንጹሕ ሆነ። በዚያው ዓመት ግራን ስፖርት የተባለው አማራጭ 360 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ይዞ መጣ። ኒክልስ በወረቀት ላይ የሳለው ፊት ሙሉ ሆኖ በመንገድ ላይ የታየው ያን ዓመት ብቻ ነው።

በ1966 አዲስ ገላ መጣ፤ ረዘም ያለ፣ ከባድ፣ ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ጋር መሠረቱን የተጋራ። ቶሮናዶ በፊት ጎማ የሚጎተት ሲሆን ሪቪዬራ በኋላ ጎማ መገፋቷን ቀጠለች። 45,348 ተሠሩ፤ ከመጀመሪያው ትውልድ ከየትኛውም ዓመት ይበልጣል። ከኮፈኑ ሥር ያው የሚስማር ራስ 425 ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ። በ1967 አዲስ የ430 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተተካበት፤ ቫልቮቹም ሰፊ ነበሩ።